ደንብ ቁጥር አሥራ ሰባት

ብዌምብያን እጠላዋለሁ። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ የቀረውን የሚሰማ ሰው ይህን አውቆ ይስማ። ሳቁን እጠላለሁ። ከሰርቨር ክፍሉ ሲወጣ እጁ ባዶ ሆኖ እንኳ በሩን በእግሩ የሚዘጋበትን አኳኋን እጠላለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ዓመቱን ሙሉ «አንቺ» ሲለኝ ከርሞ ሊወጋኝ ሲፈልግ ብቻ «እርስዎ» ማለት የሚጀምረውን ነገር እጠላለሁ። በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። እኛ ከተማ፣ ኪትዌ ውስጥ፣ እንደ እኔ በዕድሜ የምትበልጥህን ሴት «ባማዮ» ብለህ ነው የምትጠራት። እሱም ይጠራኛል፤ ግን ቃሏን የሚያወጣት የንሺማ ገንፎው ውስጥ አሸዋ አግኝቶ እንደሚተፋ ሰው ነው።

የማዕድኑ ኔትወርክ የእኔ ነው። ከመሬት በታች ያለው ገመድ፣ ከጉድጓዱ አፍ እስከ መቆጣጠሪያ ክፍሉ የተዘረጋው ገመድ፣ መሃል ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውንና የማያልፈውን የሚለየው ፋየርዎል፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነው። ሰርቨሮቹ፣ መረጃውን ተቀብለው የሚያሰሉት ትልልቅ ኮምፒዩተሮች፣ የእሱ ናቸው። በአጭሩ እኔ አደርሳለሁ፣ እሱ ይቀበላል። አንድ ነገር በዘገየ ቁጥር ታዲያ ስልክ የሚያነሣው እሱ ነው፤ የሚለውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኔትወርኩ ነው።» ሰርቨሩን ሳያይ፣ ሳይነካ፣ የያዘውን ሻይ እንኳ ሳያስቀምጥ። አለቆቹም ያምኑታል። ኔትወርክ የሚባለውን ነገር ማናቸውም አይተውት አያውቁም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ለመወቀስ ይመቻል።

ሦስት ዓመት ከቻልኩ በኋላ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። «ኔትወርኩ ነው» ባለ ቁጥር አንድ ጥቁር ጭረት አሰምራለሁ፤ ነገሩ ተጣርቶ ጥፋቱ የሰርቨሩ ሆኖ ሲገኝ ጭረቱን በቀይ እደግመዋለሁ። አርባ ሰባት ጭረት፤ አርባ አንዱ ቀይ። አንድ ቀን ገመድ ሊዋስ መጣና አየው። ቆሞ ቆጠረ።

«ሥራ ሲጠፋ እንዲህ ያደርጋል፣ ባማዮ» አለኝ።

«የቆጠርከው ቀዩን ነው ጥቁሩን?»

«እኔ እንኳ የቆጠርኩት እርስዎ ጡረታ ሊወጡ የቀረዎትን ዓመት ነው።»

ገመዱን ሳልሰጠው ወጣ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ዓለት ወደቀ። ማዕድን የምትጭነውን ትንሿን ባቡር የሚነዱት ባ ካሉምባ («ባ» እኛ ዘንድ የአክብሮት መጠሪያ ነው) ቀኝ እግራቸው በባቡሯና በድንጋዩ መሃል ተያዘ። ሆስፒታል ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ዓለት መውደቁ እኛ ዘንድ ያለ ነገር ነው፤ የማይገባው ነገር ሌላ ነበር። ዋሻው ግድግዳ ላይ የመሬቱን እንቅስቃሴ የሚሰሙ መሣሪያዎች አሉ። የሰሙትን ታች ያለ አንድ ሳጥን ይሰበስብና በእኔ መስመር ወደ ብዌምብያ ሰርቨር ይልካል። ሰርቨሩ አይቶ የሚያሰጋ ከሆነ ጡሩምባውን ያስጮኻል፤ ሰው ወደ መጠለያው ይሮጣል። ያን ቀን መሣሪያዎቹ እንቅስቃሴውን የሰሙት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ላይ ነው። ዓለቱ የወደቀው አራት ሰዓት ከሃያ አንድ ላይ። ጡሩምባው የጮኸው አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ።

መረጃው አሥራ አንድ ደቂቃ የት ቆየ? ጥያቄው ይህ ብቻ ነበር። ከአምስት ሳምንት ምርመራ በኋላ ለብዌምብያም ለእኔም በአንድ ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የክስ ደብዳቤ ደረሰን። እኛ ዘንድ የተከሰሰ ሠራተኛ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ራሱን የሚከላከልበትን ደብዳቤ ጽፎ ያስገባል፣ ከዚያ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ከሁለታችን አንዱ እንደሚባረር የማያውቅ አልነበረም። ምሳ ቤት ውስጥ ለእሱ የሚያዝኑና ለእኔ የሚያዝኑ ጠረጴዛ ለይተው ይበሉ ጀመር። የእኔ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰው ነበር፤ አንዷ እኔ ነኝ።

አልፈራሁም። ማስረጃ ነበረኝ። አደጋው በደረሰ ቀን ፋየርዎሉን ያቋረጠውን ሁሉ፣ እያንዳንዷን ፓኬት፣ ማለት መረጃው ተቆራርሶ የሚላክባትን እሽግ ሁሉ፣ ቀድቼ አስቀምጫለሁ። ኮምፒዩተር ለኮምፒዩተር ሲልክ ዝም ብሎ አይደፋም። የሚላከው ሁሉ ቁጥር አለው። ተቀባዩ «እስከዚህ ቁጥር ደርሶኛል፤ ከዚህ በኋላ ይህን ያህል ቦታ አለኝ» እያለ ይመልሳል። ይህ መልስ ካልመጣ ላኪው ጠፍቷል ብሎ ያንኑ ደግሞ ይልካል፤ እስኪደርስ ይልካል። ተቀባዩ ከሞላበት ደግሞ «ቦታዬ ዜሮ ነው» ይላል፤ ያን ጊዜ ላኪው መቆም አለበት። በቅጂው የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ልክ አራት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ፣ የብዌምብያ ሰርቨር «ዜሮ» ሲል በግልጽ ይታያል። መሬቱ ሲንቀሳቀስ መሣሪያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ፤ እሱ ደግሞ በሥራ ሰዓት፣ በዚያው ሰርቨር ላይ፣ የወር መጨረሻ ሪፖርቱን እያስኬደ ነበርና ሰርቨሩ ሞላበት።

ያን ገጽ ያየሁ ቀን ልቤ ቅቤ ጠጣ። አተምኩት፤ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ አምስት ሳምንት ይዤው ዞርኩ። ሰው እግሩን ባጣበት ነገር ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው። ደስ ግን ብሎኛል፤ አልዋሽም። ከመጀመሪያው ገጽ አልፌም አላነበብኩም። ምን ሊያደርግልኝ? የምፈልገውን አግኝቻለሁ።

ሐሙስ ከምሳ በፊት የመከላከያ ደብዳቤዬን ልጽፍ ተቀመጥኩ። «የባ ብዌምብያ ሰርቨር ለአሥራ አንድ ደቂቃ በሩን ዘግቶ በመቆየቱ» ብዬ ጀመርኩ። እኔ በሥራዬ ጠንቃቃ ነኝ፤ «አሥራ አንድ ደቂቃ» ካልኩ በሰከንድ ማሳየት አለብኝ። ስለዚህ በሩ የተከፈተበትን ቅጽበት ልፈልግ ቅጂውን ከፈትኩት። ወደ ታች እወርዳለሁ፣ እወርዳለሁ ብዬ ነበር፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። አራት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ፦ «አሁን ቦታ አለኝ።»

አርባ ሰከንድ። የእሱ ጥፋት አርባ ሰከንድ ነበር።

ክው አልኩ። ከዚያ በኋላ ለምን ዝም ተባለ? ቅጂውን መስመር በመስመር አነበብኩት። «ቦታ አለኝ» የሚለው ቃል ከሰርቨሩ ወጥቷል፣ የእኔን ፋየርዎል አልፏል፣ ወደ ጉድጓዱ ወርዷል። ሳጥኑ ጋ ግን አልደረሰም። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ገመድ ፈንጂ በተተኮሰ ቁጥር ይናጋል፤ ከሺህ ፓኬት አንዱ ይጠፋል፤ ያ የማንም ጥፋት አይደለም። መረጃ ቢሆን ኖሮ እስኪደርስ ተደጋግሞ ይላክ ነበር። «ቦታ አለኝ» ግን መረጃ አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው። አንድ ጊዜ ይነገራል፤ ለእሱ «ደርሶኛል» የሚል መልስ የለም፣ ቢጠፋ የሚደግመው የለም። ስለዚህ ሰርቨሩ «ከፍቻለሁ፣ ይላክልኝ» ብሎ ይጠብቃል፤ ሳጥኑ «ይክፈትልኝ» ብሎ ይጠብቃል። እንደ ሁለት ኩርፈኞች፣ ማን ቀድሞ ይናገር።

ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ይህ እንደሚመጣ አውቀው መድኃኒቱን አብረው አስቀምጠዋል፦ በር የተዘጋበት ላኪ ዝም ብሎ አይቁም፤ ያንኳኳ። አንዲት ባይት፣ የአንድ ፊደል ያህል፣ ብቻ ይላክና «አሁንስ?» ይበል። አምስት ሰከንድ ቆይቶ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሃያ፣ እያራራቀ፣ በመጨረሻ በየደቂቃው፤ ተስፋ ሳይቆርጥ። ሳጥኑም አንኳኩቷል። ቅጂው ላይ ቆጠርኩት፤ አሥራ ሦስት ጊዜ። በሩ ከተከፈተ በኋላ እንኳ አሥር ጊዜ። አሥራ ሦስቱም ከታች በኩል ፋየርዎሌ ድረስ መጥተዋል። አንዱም ከላይ በኩል አልወጣም።

የጣላቸውን ደንብ ለመፈለግ መነሣት አላስፈለገኝም፤ አውቀዋለሁ። ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት ሎጌ፣ ፋየርዎሉ የሚያየውን የሚመዘግብበት መዝገብ፣ በእነዚህ ባለ አንድ ባይት ፓኬቶች ተጥለቅልቆ ነበር፤ በቀን እስከ ሺህ መስመር። ሰርቨሩ በየሰዓቱ ደጋግሞ ስለሚሞላ ሳጥኑም ደጋግሞ ያንኳኳል። ብዌምብያ ጋ ደወልኩ።

«ሰርቨርህ በሩን እየዘጋብኝ ነው። ሎጌ ሞላ» አልኩት።

«ሎግሽ ያንቺ ችግር ነው፣ ባማዮ። እኔ ምን ላድርግልሽ፣ መጥቼ ልጥረግልሽ?»

ደሜ ፈላ። ስልኩን ዘጋሁና እዚያው ተቀምጬ ደንብ ጻፍኩ፦ ከታች የሚመጣ፣ አንድ ባይት ብቻ የያዘ ፓኬት ካለ ይጣል፤ ሎግ ላይም አይጻፍ። ሎጌ ጸጥ አለ። ደስ የሚል ጸጥታ ነበር። እኛ ጋ እያንዳንዱ ደንብ ምክንያቱን፣ ቀኑን፣ የጻፈውን ሰው ስም መነሻ ፊደል መያዝ አለበት፤ ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፣ ስለዚህ ጻፍኩበት። ቁጥሩ አሥራ ሰባት ነው።

ደንቡ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር ማስላት ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑ ተናደድኩ። በሩ ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ማንኳኳት የደረሰው አራት ሰዓት ከአሥራ አምስት ደቂቃ ከአሥራ አምስት ሰከንድ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሰርቨሩ «ግባ» ይል ነበር፤ ጡሩምባው ይጮህ ነበር። ዓለቱ እስኪወድቅ ከአምስት ደቂቃ ተኩል በላይ ይቀር ነበር። የሆነው ግን ታች ያለው ሳጥን አሥራ አንድ ደቂቃ ደጅ ጠንቶ፣ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ተነሣና መስመሩን እንደ አዲስ ከፈተ። ጡሩምባው ያኔ ጮኸ።

ያን ከሰዓት በኋላ ምን አሰብኩ? እውነቱን ልናገር። ስለ ባ ካሉምባ እግር ከማሰቤ በፊት ስለ ብዌምብያ ሳቅ አሰብኩ። «ኔትወርኩ ነው» ማለቱን አሰብኩ፤ ትክክል ሆኖ። ቀይ የማይደገምበት ሰባተኛው ጥቁር ጭረት ይሄ ሊሆን ነው። እሱ ቅጂ የለውም፣ ቢኖረውም ማንበብ አይችልም፤ ደንቦቼን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያይ የለም። የመጀመሪያው ገጽ ብቻውን ይበቃል። ደብዳቤዬን ጨረስኩ። «አሥራ አንድ ደቂቃ» የሚለውን አወጣሁና «በሩን በመዝጋቱ» ብቻ አልኩ። ውሸት የለበትም። አስገባሁት።

ዓርብ ጠዋት ከኮሚቴው ክፍል ደጅ አግዳሚው ላይ ብዌምብያ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ሸሚዙ አዲስ ነው፤ አንገቱ ላይ ያለውን መርፌ ሳይነቅል ነው የለበሰው። ሲያየኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

«ካፓምብዌ፣ ስሚኝማ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መብረቅ ነው እንበል። የዚያን ሰሞን ዝናብ ነበር። ሁለታችንም መብረቅ ካልን ማን ይከራከረናል? ሁለታችንም ሥራችን ላይ እንቆያለን።»

«መብረቅ ሪፖርት ያስኬዳል?»

«ሪፖርቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እሱ አይደለም። ወላሂ እሱ...»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወላሂ? እሑድ እሑድ መዘምራን ውስጥ ነው የማይህ።»

«አትቀልጂብኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ።»

«ባ ካሉምባም አምስት አላቸው። እግር ግን አንድ።»

አፈር መሰለ። ደስ አለኝ፤ በተናገርኩት ደግሞ ወዲያው አፈርኩ፣ ምክንያቱም እሱ ስለ ሪፖርቱ የተናገረው እውነት መሆኑን ያን ጊዜ በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት ተጠራን።

ሰብሳቢው ባ ሲሙኮንዳ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የማዕድኑን ዋሻዎች የለኩ ሽማግሌ። ፊታቸው ሦስት የተቀረጹ እርሳሶች ተደርድረዋል። በስተቀኛቸው፣ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ባ ካሉምባ ተቀምጠዋል፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ነው ይሰሙ ብሎ ያመጣቸው። የሱሪያቸው ቀኝ እግር ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ያን ቁልፍ ላለማየት እርሳሶቹን አየሁ።

«ባ ካፓምብዌ» አሉኝ ሽማግሌው፣ «እኔ መሬት ለኪ ነኝ፣ ኮምፒዩተር አላውቅም። ለልጅ እንደምትነግሪ አድርገሽ ንገሪኝ።»

በዱቄት ጆንያ ነገርኳቸው። ታች ጫኝ አለ፣ ላይ መጋዘነኛ አለ፣ እኔ መንገዱ ነኝ። ጆንያዎቹ ቁጥር አላቸው፤ መንገድ ላይ አንዱ ቢጠፋ ቁጥሩ ይዘላልና ተመልሶ ይላካል። መጋዘነኛው ሲሞላበት «በቃኝ» ይላል፣ ጫኙ ይቆማል። ከዚያ ገጹን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይኸው መጋዘነኛው "በቃኝ" ሲል። ሰዓቱም አለ። መንገዱ ክፍት ነበር።»

ባ ሲሙኮንዳ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ገጹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «እና አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ ማለት ነው?»

«ሲዘጋው ይታያል» አልኩ።

«አሥራ አንድ ደቂቃ አይሆንም» አለ ብዌምብያ ተነሥቶ። «ሪፖርቱ ከደቂቃ በታች ነው የሚፈጀው። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ባዶ እጁን ተቀምጦ ሲጠብቅ ነበር። ምንም አልመጣለትም። ኔትወርኩ ነው።»

ባ ሲሙኮንዳ ከፋይላቸው ውስጥ አንድ ወረቀት አወጡ። የግድግዳዬን ወረቀት ፎቶ። ማን እንዳነሣው አላውቅም።

«ይህን ቃል አርባ ሰባት ጊዜ ብለኸዋል ይባላል። አርባ አንዱ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል። እውነት ነው?»

ብዌምብያ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ተቀመጠ። በቃ፤ አለቀለት። እርሳሱን አንሥተው ሲጽፉ አየሁ። ይህን ቅጽበት ሦስት ዓመት ስጠብቀው ኖሬአለሁ።

«ባ ካሉምባ፣ የሚሉት ነገር አለ?» አሉ ሽማግሌው ለወጉ ያህል።

ባ ካሉምባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ትንሽ ነው።

«እኔ ስለዚያ ጡሩምባ ብዙ የምለው የለኝም። ሲጮህ ድንጋዩ ስር ነበርኩ። ሳቄ መጣ። ከዚያ እንደ ደንባችን የአየር ቧንቧውን መምታት ጀመርኩ፤ ታች የተያዘ ሰው እንደሚያደርገው። ሦስት ጊዜ ትመታለህ፣ ታርፋለህ፣ ሦስት ጊዜ ትመታለህ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፤ ክንዴ ሲደክም እያራራቅኩ። ከላይ ፓምፕ ክፍሉ ውስጥ ሰው ነበር። ሰምቷል። ኋላ ራሱ ነገረኝ። "ቧንቧው ሁልጊዜ ይንኳኳል፣ ሰለቸኝና የጆሮ መሸፈኛዬን አደረግኩ" አለኝ።» የታጠፈውን ሱሪያቸውን አስተካከሉ። «ሁለት ሰዓት ቆይተው አወጡኝ። ሐኪሙ ቀደም ብለው ቢያመጡህ ምናልባት እግሩ ይተርፍ ነበር አለ። ምናልባት ነው ያለው።»

ባ ካሉምባ ወደ እኔ ዞሩ።

«ባማዮ፣ እርስዎ ያውቁ ይሆናል ብዬ ነው» አሉኝ፤ ከአፋቸው ስትወጣ ቃሏ እንዲህ እንደምትከብድ ረስቼው ነበር። «ያ ታች ያለው ጫኝ ያሉት፣ በር ሲዘጋበት እንዲያው ቆሞ ይቀራል? እንደኛ አያንኳኳም?»

«ያንኳኳል» አልኩ።

«ያን ቀንስ?»

‹ቅጂው ያን አያሳይም› ማለት እችል ነበር፤ ገጹ አንድ ብቻ ነው፤ ከክፍሉ ውስጥ የሚያጋልጠኝ አልነበረም። ብዌምብያ እንኳ ጭንቅላቱን ይዞ መሬት መሬት ያያል። እኔ ግን ያን የመርፌ ቁልፍ አየሁት።

«አሥራ ሦስት ጊዜ አንኳኩቷል» አልኩ። «የብዌምብያ በር የተዘጋው አርባ ሰከንድ ነው። ከዚያ ተከፍቷል። "ተከፍቷል" የሚለው ቃል መንገድ ላይ ጠፋ። ማንኳኳቱ ነበር የሚያድነን። ማንኳኳቱን የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ብዌምብያ ቀና አለ።

«ጣልኩ ማለት?» አሉ ባ ሲሙኮንዳ።

«ሎጌን ስለሚሞላብኝ እንዳይሰማ ደንብ ጻፍኩበት። ደንብ ቁጥር አሥራ ሰባት።»

«እያንዳንዱ ደንብ ምክንያቱ ይጻፍበታል ብለሽ ራስሽ ነሽ እዚህ ያስወሰንሽው። ምን ይላል?»

በቃሌ አውቀዋለሁ። «"የብዌምብያ ጫጫታ፤ ይጣል፤ አይመዝገብ" ይላል። ከሥሩ የስሜ መነሻ ፊደል አለ።»

ሽማግሌው እርሳሱን አስቀመጡት። ባ ካሉምባ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ደንቡ ባይኖርስ፣ ጡሩምባው መቼ ይጮህ ነበር?» አሉኝ።

«ዓለቱ ሊወድቅ አምስት ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ ሲቀረው።»

«ከቆምኩበት እስከ መጠለያው» አሉ ቀስ ብለው፣ «አራት ደቂቃ ነው። ሳልሮጥ።» ከዚያ ክራንቻቸውን አንሥተው ወጡ። ክራንቹ ኮሪደሩ ላይ እስኪርቅ ድረስ ይሰማ ነበር።

እኔን ያሰናበቱኝ በዚያው ቀን ነው። ብዌምብያ በሥራ ሰዓት ሪፖርት በማስኬዱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ከሰዓት በኋላ ዕቃዬን ካርቶን ውስጥ ስከት ቢሮዬ በር ላይ መጥቶ ቆመ። አመሰግናለሁ ሊል ነው ብዬ ፈራሁ፤ እሱን የምችል አይመስለኝም ነበር።

«የፋየርዎሉን የይለፍ ቃል እንድረከብ ታዝዣለሁ» አለ። «ሰው እስኪቀጠር ኔትወርኩን እኔ ነኝ የምይዘው።»

«እንኳን ደስ ያለህ።»

«እርስዎ» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ «ስሜን ጽፈው ሊቀብሩኝ ነበር። በመጨረሻ ስለተናገሩ የምስምዎት እንዳይመስልዎት። ኮሚቴው ጋ ያን ወረቀት ሲያወጡብኝ ተቀምጠው ያዩ ነበር።»

«አየው ነበር» አልኩት። «ደግሞም ደስ ይለኝ ነበር። ና፣ ተቀመጥ።»

የይለፍ ቃሉን ሰጠሁት። ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ደንብ ቁጥር አሥራ ሰባትን ራሱ ፈልጎ አገኘው፤ እዚያ የተጻፈውን የራሱን ስም ሲያነብ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አጠፋው። እኔ ግድግዳው ጋ ሄጄ አርባ ስምንተኛውን ጭረት በጥቁር አሰመርኩ፤ ወረቀቱን ሳልነቅል ተውኩት።

ስዞር ሎጉ ላይ መስመር ወጥቷል። አንድ። አምስት ሰከንድ ቆይቶ ሌላ። ከዚያ አሥር ሰከንድ፣ ሌላ። ብዌምብያ ምን እንደሆነ አልገባውም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ታች ያለው ሳጥን ነው። እያንኳኳ ነው። ሰርቨርህ አሁንም ሞልቷል።»

«አሁን? አሁን በዚህ ሰዓት?»

«ታች ስንት ሰው አለ?»

ብዌምብያ ወንበሬን ገፍትሮ ሮጠ፤ በሩን በእግሩም በእጁም አልዘጋውም። ካርቶኔን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ስክሪኑ ፊት ቆሜ ቆጠርኩ። አራተኛው ከሃያ ሰከንድ በኋላ መጣ። አምስተኛው ከአርባ ሰከንድ በኋላ። በስድስተኛው ላይ ለሳጥኑ በሩ ተከፈተለት።